ስለ ውሾች የኩሺንግ በሽታ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የኩሺንግ በሽታ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን በውሻው ሰውነት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ከልክ በላይ ሲበዛ የሚመጣ ሕመም ነው። ሊታከም የሚችል በሽታ ቢሆንም ዙሪያውን የሚነገሩት የተሳሳቱ ነገሮች ብዙ ናቸው። ውሻው ሳይታከም እንዲቆይ፣ አንዳንዴም ሳያስፈልገው መድኃኒት እንዲጀምር ያደርጋሉ፤ ባለቤቱንም ግራ ያጋባሉ።

«እርጅና ነው፣ ምንም አይደረግለትም»

ከሁሉም ጎጂው ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም እውነት ይመስላል። በሽታው በአብዛኛው የሚታየው ዕድሜያቸው በገፋ ውሾች ላይ ነው። ብዙ መጠጣት፣ ብዙ መሽናት፣ ሳይሮጡ ማለክለክ፣ የሆድ መንዘርጠጥ፣ የጎን ፀጉር መሳሳት፣ የጡንቻ መድከም በወራት ውስጥ ቀስ እያሉ ስለሚመጡ ቤተሰቡ ይለምዳቸዋል። የምግብ ፍላጎቱም ስለሚጨምር «ቢታመም እንዲህ ይበላ ነበር?» ይባላል።

እርጅና ብቻውን ግን ውሻን ያን ያህል ውኃ አያስጠጣም። ቤት ውስጥ መለካት ይቻላል፦ ጠዋት ለክተው ይቅዱለት፣ በማግስቱ በዚያው ሰዓት የተረፈውን ይቀንሱ፣ ይህንንም ለጥቂት ቀናት ይድገሙት። በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከጠጣ፣ ማለትም 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ከ1 ሊትር በላይ ከጠጣ፣ ምክንያቱ መፈለግ አለበት። ምክንያቱ የግድ ኩሺንግ አይደለም፤ የስኳር በሽታም የኩላሊት ሕመምም ያስጠማሉ። ቁጥሩን ጽፈው ከሄዱ ግን ሐኪሙ «ብዙ ይጠጣል» ከማለት የተሻለ መነሻ ያገኛል።

«ቤት ውስጥ እንዳይሸና ውኃ ልቀንስበት»

በፍጹም አይቀንሱበት። ውሻው ብዙ የሚጠጣው ብዙ ስለሚሸና ነው፤ ኮርቲሶል ኩላሊቱ ውኃን ቆጥቦ እንዳይይዝ ያደርገዋል። ውኃ ከተከለከለ ሰውነቱ ይደርቃል። ይልቅ ደጋግመው ያስወጡት።

«አንድ የደም ምርመራ ቁርጡን ይነግረናል»

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። በተለመደው የደም ምርመራ ኤ.ኤል.ፒ. የሚባለው የጉበት ኢንዛይም ከፍ ብሎ ሲገኝ «ኩሺንግ ነው» የሚሉ አሉ። ኢንዛይሙ ግን በብዙ ሌሎች ምክንያቶችም ከፍ ይላል። በሽታውን ለማረጋገጥ የተለዩ ምርመራዎች አሉ። አንዱ ዴክሳሜታሶን የተባለ መድኃኒት በትንሹ በመርፌ ተሰጥቶ ኮርቲሶሉ የሚለካበት ሲሆን 8 ሰዓት ይወስዳል። ሌላው ኤ.ሲ.ቲ.ኤች. በተባለ ሆርሞን ኮርቲሶል የሚሠራውን እጢ ቀስቅሶ ምን ያህል እንደሚያመነጭ የሚታይበት ነው። ሦስተኛው ውሻው ተረጋግቶ ቤቱ ውስጥ እያለ በተወሰደ ሽንት ላይ የሚሠራ ነው፤ ውጤቱ ጤናማ ከሆነ በሽታው የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነው፣ ከፍ ማለቱ ግን ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። የሆድ አልትራሳውንድም ይታከላል።

ከእነዚህ ውስጥ ፈጽሞ የማይሳሳት የለም። በሌላ ሕመም የተጨነቀ ውሻ ኮርቲሶሉ ስለሚጨምር ኩሺንግ ሳይኖርበት እንዳለበት ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም ምልክት የሌለውን ውሻ ለዚህ በሽታ ለመመርመር አይቸኩልም፤ ሌላ ብርቱ ሕመም ካለም መጀመሪያ እሱን ያክማል። «በምልክቱ ነው ወይስ በቁጥሩ ብቻ ነው ይህን የጠረጠሩት?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው ነውር የለበትም።

«ኩሺንግ ማለት ካንሰር ነው»

ከ80 እስከ 85 በመቶ በሚሆኑት ታማሚ ውሾች መነሻው አንጎል ሥር ባለው ፒቱታሪ እጢ ላይ የሚወጣ፣ ብዙ ጊዜ በጣም ትንሽና ካንሰር ያልሆነ እባጭ ነው። በቀሪዎቹ ችግሩ ኩላሊት አጠገብ ያለው አድሬናል እጢ ላይ ነው፤ ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ካንሰር ሊሆን ይችላል። አድሬናል ላይ ያለውን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ስለሚታሰብ የትኛው እጢ እንደሆነ መለየቱ ይጠቅማል።

ከሰው ሠራሽ ምክንያትም ይመጣል። ፕሬድኒሶሎንን የመሰሉ ስቴሮይዶች፣ ማለትም እንደ ኮርቲሶል የሚሠሩ መድኃኒቶች፣ ለማሳከክ ወይም ለአለርጂ ለረጅም ጊዜ ሲሰጡ ተመሳሳይ ምልክት ያመጣሉ፤ ስቴሮይድ ያለባቸው የቆዳ ቅባትና የጆሮ ጠብታም ጭምር። ውሻው የወሰደውን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገሩ። መድኃኒቱን ግን በራስዎ በድንገት አያቋርጡ፤ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

«መድኃኒቱ ከበሽታው ይብሳል»

ፍርሃቱ ከምንም አልተነሣም። በብዛት የሚታዘዘው ትራይሎስቴን ኮርቲሶል እንዳይመረት ያግዳል፤ መጠኑ ሲበዛ ኮርቲሶሉ ከሚያስፈልገው በታች ይወርዳል፣ ይህም ሕይወት ያሰጋል። ማስታወክ፣ ተቅማጥ፣ ምግብ መተው፣ መዝለፍለፍ ወይም መንቀጥቀጥ ካዩ ቀጣዩን ዶዝ አይስጡ፤ ወዲያውኑ ሐኪም ጋ ይደውሉ። ሁልጊዜ ሆዳም የነበረ ውሻ ምግብ ትቶ ሲዞር «ተሻለው» ብሎ ማለፍ ትልቅ ስሕተት ነው።

አደጋው የሚቀነሰው በክትትል ነው። ውሻው ከጀመረ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በ30ኛውና በ90ኛው ቀን፣ በኋላም በየ3 ወሩ ገደማ ይታያል። መድኃኒቱ ከምግብ ጋር ይሰጣል፤ የምርመራ ቀንም የሰጡበትን ሰዓት በትክክል ይናገሩ፣ ውጤቱ በሰዓቱ ላይ ይወሰናልና። ነፍሰ ጡር ወይም ለመፀነስ ያሰበች ሴት ካፕሱሉን በእጇ ባትነካ ይሻላል። ካፕሱሉንም መክፈት አይገባም።

«ፀጉሩ ካልተመለሰ መድኃኒቱ አልሠራም»

ጥማቱና የምግብ ፍላጎቱ በሳምንታት ውስጥ ሊቀንሱ ይችላሉ። ቆዳና ፀጉር ወራት ይፈጃሉ፤ እንዲያውም አንዳንዱ ውሻ አሮጌው ፀጉር ረግፎ አዲሱ እስኪወጣ ድረስ የባሰበት ይመስላል።

«ስፔሻሊስት ካልሆነ አይሆንም»

የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ማግኘት መልካም ነው፤ በተለይ የስኳር በሽታ አብሮ ሲኖር ወይም መድኃኒቱ አልስተካከል ሲል። ብዙ ውሾች ግን በቅርባቸው ባለ አጠቃላይ ሐኪም በደንብ ይታከማሉ። እኔ ከማዕረግ ይልቅ ሌላ ነገር አያለሁ፦ ሐኪሙ ክትትሉን አስቀድሞ ያስረዳል? ውሻው ሌሊት ቢዝለፈለፍ ማን ጋ እንደሚደወል ይነግርዎታል? የጻፉትን ማስታወሻ ያነባል? በቁጥር ብቻ ነው ዶዝ የሚቀይረው ወይስ ውሻውንም ያያል? መልሱ ካላረካዎ የምርመራ ውጤቶቹን ቅጂ ይጠይቁና ሌላ ሐኪም ያማክሩ፤ ይህ እንደ ስድብ አይቆጠርም።

ስለ ገንዘብም በግልጽ ይናገሩ። አቅምዎን የሚያውቅ ሐኪም የትኛው ምርመራ ዛሬ እንደሚያስፈልግ፣ የትኛው መቆየት እንደሚችል ይለይልዎታል። ምልክቱ ቀላል በሆነ ውሻ ላይ ሕክምናውን ለጊዜው ሳይጀምሩ መከታተልም አንዱ አማራጭ ነው።

«ለውሻ ይህን ያህል መጨነቅ ያሳፍራል»

አያሳፍርም። በየሌሊቱ መነሣት፣ ምንጣፍ ማጠብ፣ የመድኃኒት ሰዓት መጠበቅ ያደክማል፤ አንድ ሰው ብቻውን ባይሸከመው ይመረጣል። ከቤተሰቡ ቢያንስ አንድ ሌላ ሰው ዶዙንና የአደጋ ምልክቶቹን ይወቅ፤ የሐኪሙ ስልክም የሚታይ ቦታ ይለጠፍ። ተመሳሳይ ውሻ ያላቸውን ባለቤቶች ያነጋግሩ፤ ካፕሱሉን እንዴት እንደሚያስውጡ፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንዴት እንዳለፉ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ዶዝ ግን ከሌላ ሰው ውሻ አይወሰድም፤ እኩል የሚመዝኑ ሁለት ውሾች እንኳ የሚያስፈልጋቸው መጠን በጣም ሊለያይ ይችላል።