ሬዲዮው ይወረሳል፣ ፈቃዱ ግን አይወረስም

የአማተር ሬዲዮ (ፈቃድ አውጥቶ፣ ለትርፍ ሳይሆን ለዝንባሌ በሬዲዮ ከሌሎች ጋር መገናኘት) ወዳጅ ሲሞት ቤተሰቡ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። ዕቃው እንደማንኛውም ንብረት ለወራሽ ያልፋል። ፈቃዱ ግን ለሟቹ በስሙ የተሰጠ ነው፤ ከዕቃው ጋር አብሮ አይተላለፍም። ልጅየው ሬዲዮውን ቢወርስም፣ የራሱን ፈቃድ ሳያወጣ ማሰራጨት አይችልም። በአንዳንድ አገር እንዲያውም ማሰራጫውን ቤት ማስቀመጥ ራሱ ፈቃድ ይጠይቃል።

ስለዚህ በቁም ሳሉ የሬዲዮ ዕቃዎን ዝርዝር ይጻፉ። «ጥቁሩ ሳጥን» ብሎ መጻፍ ግን ዋጋ የለውም። ሞዴሉ ምንድን ነው? ይሠራል? የትኛው ገመድ የእሱ ነው? በውሰት የመጣ ከሆነስ የማን ነው? (የሰው ዕቃ አብሮ ሲሸጥ የሚነሳው ጠብ አይጣል ነው።)

ዝርዝሩ ግን ኑዛዜ አይደለም። «ይህ ለእገሌ ይሰጥ» ያሉት በሕግ እንዲጸና ከፈለጉ፣ የአገርዎ ሕግ በሚፈቅደው መልክ ይናዘዙት።

አንድ ነገር በቀይ ይጻፉ፦ በቫኪዩም ቱቦ የሚሠራ ትልቅ ማጉያ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) ውስጥ ገዳይ ቮልቴጅ ሊቆይ ይችላል። የማያውቅ ሰው ክዳኑን እንዳይከፍት። የአንቴናውን ምሰሶም ባለሙያ ያውርደው፤ የባለሙያውን ስልክ ቁጥር ከዝርዝሩ ጋር ያስቀምጡ።