ከኦንላይን ባንክ ስትበደሩ፦ ወለዱና ኤፒአር ለምን ይለያያሉ?

በኦንላይን በሚያበድረው በአሜሪካው ሶፋይ ስም ተበዳሪ ሊያምታታቸው የሚችል ሁለት የተለያዩ አካላት አሉ። ሶፋይ ቴክኖሎጂስ በፌብሩዋሪ 2022 ጎልደን ፓሲፊክ ባንኮርፕን ገዝቶ የባንክ ሆልዲንግ ካምፓኒ (የባንክ ባለቤት የሆነ እናት ኩባንያ) ሆነ፤ አክሲዮኑ ናስዳክ ላይ ይሸጣል። ተቀማጭ የሚይዘው በሥሩ ያለው ሶፋይ ባንክ ነው። የፌዴራሉ የተቀማጭ ዋስትና ድርጅት ኤፍዲአይሲ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 250,000 ዶላር የሚሸፍነውም የባንኩን ተቀማጭ እንጂ አክሲዮኑን አይደለም።

ተበዳሪን በብዛት የሚያሳስተው ግን ኤፒአር ነው፤ ይህም ወለዱንና የብድሩን ክፍያ አንድ ላይ አድርጎ የብድሩን ዓመታዊ ዋጋ በመቶኛ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ብዙ የኦንላይን አበዳሪዎች የብድር ማስጀመሪያ ክፍያ ገና ከመነሻው ይቆርጣሉ። ለምሳሌ 10,000 ዶላር በ12 በመቶ ወለድ ለ36 ወር ተበደሩ እንበል፤ ክፍያው 5 በመቶ ቢሆን እጃችሁ የሚገባው 9,500 ነው። ወለዱ የሚታሰበው ግን በሙሉው 10,000 ላይ ስለሆነ በየወሩ 332.14 ዶላር ትከፍላላችሁ። ኤፒአሩም ወደ 15.6 በመቶ ይወጣል። ስለዚህ አበዳሪዎችን ስታወዳድሩ በደማቁ የተጻፈውን ወለድ ትታችሁ፣ የጊዜው ርዝመት እኩል በሆነ ብድር ኤፒአርን ከኤፒአር አስተያዩ።

10,000 ዶላር የግድ እጃችሁ እንዲገባ ከፈለጋችሁ መጠየቅ ያለባችሁ ወደ 10,527 ነው። ብድሩን ቀድማችሁ ብትዘጉ የቀሪው ጊዜ ወለድ ይቀርላችኋል፤ የተቆረጠው ክፍያ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። በጥቂት ወራት ውስጥ ለመዝጋት የሚያስብ ሰው ወለዱ ትንሽ ከፍ ቢልም የማስጀመሪያ ክፍያ የሌለውን ቢመርጥ ይሻለዋል።