የኦል ዊል መኪና ጎማና ቸርኬ፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መኪና፣ 2,800 ሜትር ላይ ካለ ብርድ ተነስቶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ቆላ ይገባል። በመሃሉ ጉም፣ ዝናብና ጠመዝማዛ ቁልቁለት አለ። እንደ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ያለ አራቱም እግሩ የሚገፋ (ኦል ዊል) ፈጣን መኪና ለዚህ መንገድ ይስማማል። ችግሩ የሚመጣው ጎማና ቸርኬ ሲቀየር ነው፤ በፊት እግሩ ብቻ ለሚገፋ የቤት መኪና የሚሠራው ልማድ እዚህ ካምቢዮ ድረስ ጉዳት ያደርሳል። ለስሌቱ እንዲመች ከፋብሪካ 205/55 አር 16 ጎማ (ስፋቱ 205 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 55 በመቶ፣ ቸርኬው 16 ኢንች) ያለውን መኪና እንያዝ።

«የኋላዎቹን ሁለት ብቻ ብቀይር ይበቃል፤ የፊቶቹ ገና ናቸው»

ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያስወጣው ስህተት ይኸ ነው። በኦል ዊል መኪና የፊትና የኋላ እግሮች በመሃል ዲፈረንሻል ወይም በክላች የተያያዙ ናቸው። ጎማ ጥርሱ ሲያልቅ ዙሪያው ያጥራል፤ ስለዚህ ያንኑ መንገድ ለመጨረስ ከአዲሱ የበለጠ መዞር አለበት። አዲስ 205/55 አር 16 ቁመቱ 632 ሚሊ ሜትር፣ ዙሪያው 1,985 ሚሊ ሜትር ነው። 5 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለቀበት ደግሞ ዙሪያው ወደ 1,954 ይወርዳል። ልዩነቱ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 8 ዙር ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ባለው 130 ኪሎ ሜትር ላይ ከ1,000 ዙር በላይ ይሆናል።

የመሃል ዲፈረንሻሉ የተሠራው በመታጠፊያ ላይ ለጥቂት ሰከንድ የሚፈጠርን የፍጥነት ልዩነት እንዲያስተናግድ ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሰዓት ሙሉ ሲሠራ ግን ውስጡ ያለው ፈሳሽ ይግላል፣ የክላቹ ሸራዎች ይበላሉ። ምልክቱ የሚታወቀው በቦታ ላይ ነው፦ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረው ቀስ ብለው ሲታጠፉ መኪናው ፍሬን እንደተያዘ ሆኖ ይንገጫገጫል። እዚህ ከተደረሰ ጎማ መቀየር ብቻውን ላያድነው ይችላል።

ሱባሩ የሚፈቅደው ልዩነት ዙሪያቸው ሲለካ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም በጥርስ ጥልቀት 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ማለት ነው። አለካኩ ቀላል ነው። መኪናው ሳይነዳ ባደረበት ጠዋት የአራቱንም አየር እኩል ያድርጉ። ከዚያ እግሩን በክሪክ ያንሱና የልብስ ስፌት ሜትር በጎማው መሃል መስመር ላይ ዙሪያውን ያጠንጥኑ፤ ሜትሩ ወደ ጎን እንዳያፈነግጥ። የአራቱንም ቁጥር ጽፈው ትልቁን ከትንሹ ይቀንሱ። ከ6 ሚሊ ሜትር ካለፈ አብረው መሥራት የለባቸውም።

አንዱ ጎማ ተቀዶ ሌሎቹ ጥርሳቸው በግማሽ ያለቀ ከሆነ ምርጫው ሁለት ነው፦ አራቱንም መቀየር፣ ወይም ያንኑ ማርካና ያንኑ ሞዴል በተመሳሳይ መጠን ያለቀ ፈልጎ ማግኘት። ማርካውን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጎናቸው ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው የሁለት ፋብሪካ ጎማዎች ሲለኩ ዙሪያቸው ሊለያይ ይችላል። በየ8,000 እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር የፊቱን ወደ ኋላ ማዘዋወርም እኩል እንዲያልቁ ይረዳል። የመዞሪያ አቅጣጫ ቀስት ያለበት ጎማ የሚዘዋወረው በዚያው ጎን ብቻ ነው።

«ስኮርታው ትንሽ ቢሆንም እስከ ቤት ያደርሳል»

ቀጭኑ ስኮርታ ጎሚስታ ቤት ለመድረስ ብቻ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ላዩ ላይ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚል ወሰን ተጽፎበታል። በቆዩ አውቶማቲክ ሱባሩዎች ላይ ኮፈኑ ስር «ኤፍ ደብሊው ዲ» (በፊት እግር ብቻ መገፋት) የሚል ባዶ የፊውዝ ቦታ አለ። ስኮርታው እስካለ ድረስ ፊውዝ እዚያ ይገባል፤ የኋላው ግፊት ይቋረጥና ክላቹ ይተርፋል።

«ጎማ በሰፋ ቁጥር መንገድ ይይዛል»

በደረቅ አስፋልት ላይ በከፊል እውነት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ግን ሰፊ ጎማ ውኃውን ወደ ጎን ለመግፋት ይቸገራል፤ ከጠባቡ ባነሰ ፍጥነት ውኃው ላይ መንሳፈፍ ይጀምራል። ያን ጊዜ አራቱም እግር መግፋቱ አያድንም፤ መሬት ያልነካ ጎማ አይታጠፍም፣ ፍሬንም አይዝም። ስፋት መጨመር የፈለገ ሰው 225/45 አር 17ን ይውሰድ፦ ቁመቱ 634 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከዋናው የሚለየው በ2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቸርኬው ከ7 እስከ 8.5 ኢንች ስፋት ያለው መሆን አለበት።

«ትልቅ ቸርኬ መኪናውን ከፍ ያደርገዋል»

መኪናውን የሚያነሣው የጎማው ጠቅላላ ቁመት ነው። በ18 ቸርኬ ላይ 225/40 ጎማ ሲገባ ቁመቱ 637 ሚሊ ሜትር ነው፤ መኪናው ከፍ የሚለው በጭማሪው ግማሽ፣ ከ3 ሚሊ ሜትር ባነሰ ነው። በምትኩ የጎማው ጎን ከ113 ወደ 90 ሚሊ ሜትር ያጥራል። በመሐል ሜዳ አቅጣጫ ኮሮኮንች ላይ ጉድጓድ ሲመታ ይህ የጠፋው 23 ሚሊ ሜትር ነው ቸርኬውን የሚያጣምመው። ጎማው ጎኑ ላይ ካበጠ ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል ማለት ነው፤ ጥገና የለውም፣ መጣል አለበት። ለመንዝ መንገድ የእኛ ምክር 16 ነው። በተቃራኒው ከመጠን በላይ ማሳነስም አይቻልም፦ ብሬምቦ ካሊፐር (ትልቅ የፍሬን መያዣ) ያለው ኤስ ቲ አይ የተባለው ፈጣኑ ኢምፕሬዛ ከ17 ያነሰ ቸርኬ አያስገባም፤ ቸርኬው ካሊፐሩን ይነካል።

«አምስት ብሎን ካለው ይገባል»

እዚህ ላይ የሚፈጠረው ስህተት እግር እስከ ማስወለቅ ይደርሳል። እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ያሉት አብዛኞቹ ኢምፕሬዛዎች ብሎኖቻቸው የተደረደሩበት ክብ 100 ሚሊ ሜትር ነው። የራቭ ፎር ቸርኬ ደግሞ 114.3 ነው። በዓይን ተቀራራቢ ይመስላሉ፤ በግድ የገባ ቸርኬ ግን ዳዶዎቹ ጠማማ ሆነው ስለሚይዙ መንገድ ላይ ይላላሉ። ክቡ ቢገጥም እንኳ የመሃል ቀዳዳው ይታይ። የሱባሩ 56.1፣ የራቭ ፎር 60.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ከሌለ መሪው ይንቀጠቀጣል። የዳዶው ጥርስም ይለያያል፦ የሱባሩ 12 በ1.25፣ የቶዮታ 12 በ1.5 ነው (የብሎኑ ውፍረትና የጥርሱ ርቀት በሚሊ ሜትር)። ሁለት ዙር በእጅ ገብቶ ከጠነከረ ያቁሙ፤ በማሽን ከተገፋ የብሎኑ ጥርስ ይበላል።

ዳዶዎቹ በኮከብ ቅርጽ፣ ትይዩውን እየተከተሉ፣ በቶርክ መፍቻ ይጠበቃሉ። በ12 ሚሊ ብሎን ላይ ብዙ ጊዜ ከ90 እስከ 120 ኒውተን ሜትር ነው፤ ትክክለኛው በመኪናው መመሪያ ላይ አለ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና ይፈተሻል።

«ጎማው ወደ ውጭ ሲወጣ መኪናው ይረጋጋል»

ኢቲ ማለት ቸርኬው መኪናው ላይ የሚያርፍበት ገጽ ከቸርኬው ስፋት መሃል በስንት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ እንደሚርቅ የሚናገር ቁጥር ነው። 7 ኢንች ስፋትና ኢቲ 53 ያለው ቸርኬ በ8 ኢንች ኢቲ 45 ቢተካ፣ ጎማው ወደ ውጭ 21 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ውስጥ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጨምራል። አራት ሰው ተጭኖ ሲታጠፍ ከውጭ ፓራፋንጎውን፣ ከውስጥ አሞርዛተሩን ሊነካ ይችላል። ኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ጫናም ይጨምራል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ቸርኬው ጀርባ ላይ የተጻፈውን ኢቲ ያንብቡ።

«ሸዋ ሮቢት ሞቃት ስለሆነ ከመውረድ በፊት አየር ይቀነስ»

ደብረ ብርሃን ላይ በ5 ዲግሪ ብርድ 33 ፒ ኤስ አይ የተሞላ ጎማ፣ ሸዋ ሮቢት በ30 ዲግሪ ሙቀት ምክንያት 4 ያህል ይጨምራል። ነገር ግን ቆላ ላይ የውጭው አየር ስለሚከብድ ጌጁ 2 ያህል ይቀንሳል። በመጨረሻ የሚታየው ጭማሪ 2 ገደማ ነው፤ ጎማው ይህን በቀላሉ ይችላል። በአንጻሩ አየር የቀነሰ ጎማ ጎኑ እየተጣጠፈ ራሱን ያግላል፤ ቁልቁለት ላይ የፍሬኑ ሙቀት ሲታከልበት የሚፈነዳው እሱ ነው። በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ጠዋት ሳይነዱ ይሙሉ።

«ቁጥሩ ከገጠመ ሌላው ጽሑፍ ግድ የለም»

ከመጠኑ ቀጥሎ ያለው 91 ቪ ለምሳሌ፣ ጎማው 615 ኪሎ እንደሚሸከምና እስከ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንደተፈቀደ ይናገራል። 87 የተጻፈበት የሚችለው 545 ኪሎ ብቻ ነው። ከፋብሪካው ቁጥር በታች አይውረዱ። ያገለገለ ጎማ ሲገዙ ደግሞ «ዶት» ከሚለው በኋላ ያሉትን የመጨረሻ አራት አኃዞች ይዩ፦ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አኃዞቹ የሚጻፉት ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ስለሆነ፣ ካልታዩ ጎማው ቸርኬ ላይ ሳይገባ ገልብጠው ይመልከቱ።