የገጠር ጸጥታ መደፍረስ፣ እርሻና የግብርና ኤክስቴንሽን በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ ገበሬ የእርሻ ምክር (ኤክስቴንሽን የሚባለውን) የሚያገኘው በዋናነት ቀበሌው ድረስ ከሚመጣለት የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነው። ብዙ ቦታ በአጭሩ «ዲኤ» ይሉታል። በአሠራሩ ለአንድ ቀበሌ ሦስት ይመደባሉ፦ ለሰብል፣ ለእንስሳትና ለተፈጥሮ ሀብት። በእግር እየዞሩ ማሳ ያያሉ፣ በቀበሌው የገበሬ ማሰልጠኛ ማዕከል ገበሬ ያሰባስባሉ። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ይህ ሁሉ ይቆማል።

ግጭት ሲነሳ ዲኤው ከሁለት በኩል ይጨነቃል። ደመወዙ የመንግሥት ነው፣ ኑሮው ከገበሬው ጋር። አንዱ ወገን የመንግሥት ዓይን ነው ይለዋል፣ ሌላው ለታጣቂ ያደላል ብሎ ይጠረጥረዋል። በሰላሙም ጊዜ ቢሆን የማዳበሪያ ዕዳ አስመልስ፣ ሕዝብ ቀስቅስ ይባላል። ይህ ሥራ ከመጀመሪያውም ለእሱ መሰጠት አልነበረበትም። ምክሩን ያስጠላል፣ በክፉ ቀን ደግሞ ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል።

ዲኤው ወደ ወረዳ ከተማ ሲሸሽ የሚጎድለው ነገር ስንዴ ላይ ቶሎ ይታያል። ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ሲገባ ቅጠሉ ላይ ቢጫ ዱቄት በመስመር ይወጣል፣ በጣት ሲነኩት ይይዛል። በጊዜ ታይቶ መድኃኒት ካልተረጨ ከማሳ ማሳ ይዛመታል። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ገበሬው ደውሎ የእርሻ ምክር የሚያገኝበት የ8028 የስልክ መስመር እንዲህ ላለው ጊዜ ደህና አማራጭ ነበር። ትግራይ ውስጥ ግን በጦርነቱ ስልኩ ራሱ ተቋረጠ።

ማዳበሪያም ያው ነው። ከውጭ ተገዝቶ በጅቡቲ ይገባል፣ በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንና በመሠረታዊ ማህበር በኩል ገበሬው ዘንድ ይደርሳል። ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለው ማዳበሪያ) የሚጨመረው ከዘር ጋር ስለሆነ፣ መንገድ ተዘግቶ ጤፍ ከተዘራ በኋላ ቢደርስ ጊዜው አልፎበታል። በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የታወጀው ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ ልክ በዘር ወቅት።

የትግራዩ ጦርነት ደግሞ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ሰብሉ ገና ማሳ ላይ ነበር። የበረሃ አንበጣም በዚያው ሰሞን ነበር፤ አሰሳውና ርጭቱ ተስተጓጎለ። በሬ ታረደ፣ ተዘረፈ። ለዘር የተቀመጠው እህል ተበላ። በሬና ዘር ለሌለው ሰው በመስመር ዝራ ብሎ መምከር ከንቱ ነው።

ሰሊጥ በሚመረትባቸው ቆላማዎቹ ሁመራና መተማ ላይ ችግሩ የጉልበት ነው። ሰሊጥ ሲደርቅ ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል፤ አጨዳው ቀናት አይታገስም። አጫጁ ከደጋ የሚወርድ የቀን ሠራተኛ ነው። መንገድ ላይ እታገታለሁ ብሎ ከፈራ አይመጣም፣ ባለማሳው የደረሰ ሰሊጡ ሲረግፍ ቆሞ ያያል።

የትግራዩን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ ትግራይ ውስጥ የኤክስቴንሽን ሥራውን እንደገና ማስጀመር ቀላል አልሆነም። ጽሕፈት ቤቶች ተዘርፈው ነበር። ባለሙያዎቹም ለብዙ ወራት ደመወዝ አላገኙም ነበር።