ሃውሲንግ ፈርስት ምንድን ነው?

ዝንጀሮን እሾህ ገላዋን ሁሉ ወጋት አሉ። «የቱን እናስቀድምልሽ?» ቢሏት «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች። እሱ ከወጣላት ቁጭ ብላ የቀረውን ራሷ ትነቅለዋለች። አሜሪካ ውስጥ ስለ ድህነትና ስለ ቤት አልባነት ለሚካሄደው ክርክር ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላገኘሁም።

«ሃውሲንግ ፈርስት» ማለት በኛ ቋንቋ «መጀመሪያ ቤት» ነው። ጎዳና ላይ ያለ ሰው ቅድመ ሁኔታ ሳይደረደርበት ቋሚ ቤት ይግባ፤ ሱሱም፣ የአእምሮ ሕመሙም፣ ሥራ ፍለጋውም ከዚያ በኋላ ይደርሳል የሚል አሠራር ነው። ሰውየው እንደማንኛውም ተከራይ ውል ይፈርማል። ደሞዝም ሆነ ድጎማ ካለው ከገቢው 30 በመቶ ያህሉን ለኪራይ ይከፍላል፤ ቀሪውን ፕሮግራሙ ይሸፍንለታል። ጉዳዩን የሚከታተልለት ሠራተኛ (ኬዝ ወርከር) ይመደብለታል። ሐኪም ወይም የሱስ ሕክምና ሲፈልግ ይቀርብለታል። «አልፈልግም» ካለ ግን በዚህ ምክንያት ከቤቱ አይባረርም። ጭቅጭቁ ሁሉ ያለው እዚህች የመጨረሻ ነጥብ ላይ ነው።

ከዚያ በፊት የነበረው አሠራር ደረጃ እንደመውጣት ነበር። መጀመሪያ ሼልተር፣ ማለትም የቤት አልባዎች የጋራ ማደሪያ፣ ትገባለህ። መጠጥና ዕፅ ታቆማለህ። መድኃኒትህን በሥርዓት ትውጣለህ። ከዚያ ወደ ጊዜያዊ መኖሪያ ትዛወራለህ። ሁሉንም ፈተና ካለፍክ በመጨረሻ ቤት ታገኛለህ። አንዱ ደረጃ ላይ ከተንሸራተትክ ግን ተመልሰህ ጎዳና ላይ ነህ። ሳም ሴምቤሪስ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ኒው ዮርክ ውስጥ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ከጎዳና እያነሳ ሆስፒታል ማስገባት ሥራው ነበር። ሆስፒታል ያስገባቸውን ሰዎች ጥቂት ቆይቶ እዚያው ጎዳና ላይ ያገኛቸዋል። በ1992 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የራሱን ድርጅት አቋቁሞ ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። ከፕሮግራሙ ተጠቃሚዎች አምስት ውስጥ አራቱ ያህል ቤታቸውን ይዘው ቆዩ። «እነዚህ ሰዎች ቤት መያዝ አይችሉም» ሲባል ለኖረበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

ለምን እንደሠራ ለመረዳት አንድ ሰው ልንገራችሁ። አሜሪካ እንደመጣሁ ሁለት ዊንተር በአንድ ሼልተር የሌሊት ፈረቃ ሠርቻለሁ። እዚያ ዕድሜው ወደ ስልሳ የሚጠጋ፣ ድሮ ጣሪያ ይሠራ የነበረ ሰው ነበር። ይጠጣል። የስኳር በሽተኛም ነው። ኢንሱሊኑን የሚያስቀምጥበት ፍሪጅ ስለሌለው ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ይዞት ይዞራል። ሲተኛ ጫማውን ራስጌው ሥር ይከታል፣ እንዳይሰረቅ። ጎህ ሲቀድ ሁሉም ዕቃውን ሸክፎ መውጣት ግዴታው ነው። ወረቀቶቹን በአንድ ፌስታል ጠቅልሎ ነበር የሚይዘው። ወደኛ ከመምጣቱ በፊት ድንኳን ተክሎ ያድርበት የነበረው ቦታ ሲጸዳ ያ ፌስታል ከቆሻሻው ጋር መኪና ላይ ተጫነ። ከዚያ አይዲ ለማውጣት የልደት ሰርተፊኬት ጠየቁት። የልደት ሰርተፊኬት ለማውጣት ደግሞ አይዲ ጠየቁት። አራት ወር በዚህ አለቀ። «መጀመሪያ መጠጡን ተው» ሲሉት እሰማ ነበር። የት ተቀምጦ ይተው?

እኛ ሀበሾች መሐል የሚዘወተረው አስተያየት ይታወቃል። «አሜሪካ ተገኝቶ እንዴት ጎዳና ይወጣል? ሁለት ሥራ አይሠራም?» ይባላል። ከክፋት የመጣ አይደለም። ፓርኪንግ ቆሞ፣ ታክሲ ነድቶ፣ ሌሊት አሮጊት አስታምሞ ቤተሰብ ያቆመ ሰው የሚለው ነው። ግን አንድ ነገር እንዘነጋለን። አብዛኞቻችን የመጀመሪያውን ሌሊት ያሳለፍነው አንድ ዘመድ ወይም ጓደኛ ቤት፣ ቤዝመንት ውስጥ ወይም ሶፋ ላይ ነው። «መጀመሪያ ቤት» ያደረገልን ሰው ነበረን። ደባልነት ባይኖር ኖሮ ትጋታችን ብቻውን የት ያደርሰን እንደነበር አላውቅም።

ደባልነት ቁጥሩንም ያወዛግበዋል። የፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት ቤት አልባውን የሚያስቆጥረው በጃንዋሪ ወር በአንድ ሌሊት ነው። በ2024 የተቆጠረው 771,480 ሰው ነበር። ቆጠራው ሼልተር ውስጥ ያለውንና ውጭ የሚያድረውን ብቻ ይይዛል። የትምህርት ቤቶች ሕግ ግን ኪራይ መክፈል አቅቷቸው ሰው ቤት የተጠጉ ቤተሰቦችን ልጆችም ቤት አልባ ይላቸዋል። በዚያኛው መዝገብ ልጆቹ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው።

ድህነትም ላይ ቁጥሩ እንደዚሁ ያወዛግባል። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደሞዝ ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7.25 ዶላር ላይ ቆሟል። በዚህ ደሞዝ ዓመቱን ሙሉ ሳምንት ሳያጎድል የሠራ ሰው 15,080 ዶላር ያገኛል። ለአንድ ሰው የወጣው የ2024 የድህነት መስመር 15,060 ዶላር ነበር። በመንግሥት ቋንቋ ይህ ሰው በ20 ዶላር ድሃ አይደለም።

ታዲያ ሰውን ጎዳና የሚያወጣው ምንድን ነው? አንዱ ወገን ሱስና የአእምሮ ሕመም ነው ይላል። ሌላው የቤት ኪራይ ነው ይላል። እኔን ያሳመነኝ የዌስት ቨርጂኒያ ነገር ነው። ከሕዝብ ብዛት አንጻር በዕፅ ብዙ ሰው ከሚሞትባቸው ግዛቶች ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዷ እሷ ነች። ድህነትም አለ። ቤት አልባው ግን ከካሊፎርኒያ ጋር ሲተያይ በጣም ትንሽ ነው። ሱሰኛውም ድሃውም የሚከፍለው ቤት አለ፤ ኪራዩ ርካሽ ነው። ሱስ ማን እንደሚወድቅ ይወስን ይሆናል። ስንት ሰው እንደሚወድቅ የሚወስነው ግን ኪራይ ነው።

ተቃዋሚዎቹን ግን ማጣጣል አይገባም። ካሊፎርኒያ በ2016 ሃውሲንግ ፈርስትን በሕግ ብትደነግግም በ2024 ቆጠራ ወደ 187 ሺህ ቤት አልባ ነበራት። ሎስ አንጀለስ ውስጥም በ2016 ለቤት አልባዎች ቤት መሥሪያ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመበደር ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ፤ የአንዱ አፓርታማ ወጪ በአማካይ ወደ 600 ሺህ ዶላር ተጠጋ። መጀመሪያ ቤት ካሉ በኋላ ቤቱ ከሌለ ስሙ ብቻ ይቀራል። ሂዩስተን ግን በዚሁ መንገድ ሄዳ ከ2011 ወዲህ የቤት አልባዎቿን ቁጥር ከግማሽ በላይ ቀንሳለች። እዚያ ቤት መሥራት ይቀላል፣ ኪራዩም ይረክሳል። ድርጅቶቹም እየተሻሙ ሳይሆን በአንድ ላይ ነው የሠሩት።

ሁለተኛው ትችት የበለጠ ይከብዳል። ካናዳ ከ2009 ጀምሮ በአምስት ከተሞች 2,000 ያህል ሰው አሳትፋ አሠራሩን ፈትናው ነበር። ቤት በመያዝ በኩል ልዩነቱ ሰፊ ነበር። ሱስን በማስቆም በኩል ግን ቤት ያገኙት ካላገኙት ብዙም አልተሻሉም። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ያ ጣሪያ ሠሪ በመጨረሻ ቁልፍ ተሰጠው። መጠጡን አልተወም። ልጠይቀው ስሄድ ፍሪጁን ከፍቶ አሳየኝ፤ ከወተቱ አጠገብ ኢንሱሊኑ ተደርድሯል። ለእኔ ይህ ውጤት ነው። አንዳንዱ «ከግብሬ እየተከፈለ መጠጥ?» ይላል። ጥያቄው ይገባኛል። ግን ያ ሰው ጎዳና ላይ እያለ በአምቡላንስ ስንቴ ተወስዷል? ያም ከግብር ነው የሚከፈለው። በፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብሊው ቡሽ ዘመን ሪፐብሊካኖቹ ራሳቸው ይህን አሠራር የደገፉት አንዱ ምክንያት ይኸው ሒሳብ ነበር።

አሁን ነፋሱ ዞሯል። በጁን 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግራንትስ ፓስ በምትባል የኦሪገን ከተማ ጉዳይ 6 ለ 3 ወሰነ። በሼልተር አልጋ ባይኖርም እንኳ ከተሞች ውጭ ያደረን ሰው መቅጣት ይችላሉ። በጁላይ 2025 ደግሞ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ለሃውሲንግ ፈርስት የሚሰጠው የፌዴራል ድጋፍ እንዲያበቃ፣ የአእምሮ ሕሙማንና ሱሰኞች ያለፈቃዳቸውም ወደ ሕክምና የሚገቡበት መንገድ እንዲሰፋ የሚል ትእዛዝ ፈረሙ።

ሕክምና ይግባ የሚለውን አልቃወምም። ራሱን መጠበቅ ያቃተው ሰው አይቻለሁ። ግን በ1955 የአሜሪካ ግዛቶች የአእምሮ ሆስፒታሎች ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕሙማን ነበሩባቸው። በኋላ ሆስፒታሎቹ ሲራገፉ የሚወጣው ሰው የት እንደሚገባ በቅጡ አልታሰበበትም። ሌሊት ሼልተሩ በር ላይ ስቀመጥ ታክሲ ይቆማል። የሆስፒታል አምባር እጁ ላይ ያለ ሰው ይወርዳል። ከሆስፒታል የወጣበትን ወረቀት ይሰጠኛል። «አድራሻ» በሚለው ቦታ የተጻፈው የኛ የሼልተሩ አድራሻ ነው። ያን ሌሊት ደግሞ አልጋው ሁሉ ተይዟል።