የወረርሽኝ ሕሙማን ሕጻናት መዝገብ፦ ቦስተን ላይ የተሠራው

ወረርሽኝ ሲገባ አንድ ሐኪም በሆስፒታሉ የሚያያቸው ልጆች ጥቂት ናቸው። ሦስት አራቱን አይቶ በሽታው እንዲህ ነው ማለት አይችልም። ስለዚህ ብዙ ሆስፒታሎች በአንድ ዓይነት ቅጽ ሞልተው መረጃውን አንድ ቦታ ያጠራቅማሉ። የሕሙማን መዝገብ የሚባለው ይኸው ነው። ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አሜሪካ ውስጥ ለሥራው መሠረት የሆነው ፓሊሲ የተባለው የሕጻናት ጽኑ ሕክምና ተመራማሪዎች መረብ ነው። በ2009 ስዋይን ፍሉ ሲገባ በቦስተን ሕጻናት ሆስፒታሏ ዶክተር አድሪየን ራንዶልፍ መሪነት ከ35 ሆስፒታሎች በጽኑ የታመሙ 838 ልጆችን መዘገበ። 75ቱ ሞተዋል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ቡድኑ ኢንፍሉዌንዛ ላይ መሥራቱን ቀጠለ።

በኤፕሪል 2020 መጨረሻ ከእንግሊዝ ማስጠንቀቂያ መጣ። ኮቪድ ከያዛቸው ከሳምንታት በኋላ ልጆች በትኩሳት፣ በሆድ ሕመም፣ በሽፍታና በደከመ ልብ ሆስፒታል ይገቡ ጀመር። ሕመሙ በኋላ ኤምአይኤስ-ሲ (ብዙ የሰውነት ክፍሎችን የሚያስቆጣ የልጆች ሕመም) ተባለ። ጣሊያን ቤርጋሞ ላይ በአምስት ዓመት 19 ልጆች ብቻ የታዩበት ካዋሳኪ (የደም ቧንቧን የሚያስቆጣ የሕጻናት በሽታ) መሰል ሕመም በሁለት ወር ገደማ 10 ልጆችን ያዘ። የቦስተን ሕጻናት ሆስፒታል በሲዲሲ (በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል) ገንዘብ ወዲያው ተንቀሳቀሰ። ጁን 29 ላይ ከ26 ግዛቶች የተሰበሰበ የ186 ልጆች ዝርዝር ታተመ። ከአስሩ ሰባቱ ከዚያ በፊት ጤነኞች ነበሩ። 80 በመቶዎቹ ጽኑ ሕክምና አስፈልጓቸዋል፣ አራቱ ሞተዋል። ለዚህ ዓይነት ሥራ ይህ በጣም ፈጣን ነው። ሰዎቹ ቀድመው ባይተዋወቁ ኖሮ አይሆንም ነበር።

መዝገብ ሲቋቋም መጀመሪያ የሚያጨቃጭቀው ማን ይግባ የሚለው ነው። ሲዲሲ ከ21 ዓመት በታች ሆኖ 24 ሰዓት ትኩሳት ይበቃል አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 19 ዓመት፣ ትኩሳቱም ሦስት ቀን ይሁን አለ። እንግሊዞች የኮቪድ ምርመራው የግድ ፖዘቲቭ መሆን የለበትም አሉ። አንድ ልጅ አንዱ ዘንድ ተመዝግቦ ሌላው ዘንድ ሊቀር ይችላል ማለት ነው።

የወላጅ ፈቃድስ? የሥነ ምግባር ቦርዱ ሥራውን እንደ ጤና ክትትል ቆጥሮ የስምምነት ፊርማ አልጠየቀም። ቅጹን የሚሞላው ሰው ካርዱን አገላብጦ ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን፣ የልቡን የመርጨት አቅም፣ የልብ ደም ቧንቧውን ስፋት ያወጣል። ቁመትና ክብደት ካልተሞላ ግን የቧንቧው ልኬት ከንቱ ነው። ለ15 ዓመት ልጅ ደህና የሆነው ስፋት ለሁለት ዓመት ሕጻን አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ሕክምናው ላይ መዛግብቱ አልተስማሙም። በ2021 የቦስተኑ ቡድን 518 ልጆችን መርምሮ፣ ኢሚዩኖግሎቡሊን (ከለጋሾች ደም የሚዘጋጅ ፀረ እንግዳ አካል) ላይ ስቴሮይድ (የሰውነት መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት) መጨመር የልብና የደም ዝውውር ችግርን ከ31 ወደ 17 በመቶ እንደሚያወርድ አሳየ። ከለንደን የተመራው የ32 አገሮች መዝገብ በ614 ልጆች ልዩነት አላየሁም አለ። ምናልባት የአገሮቹ አሠራር መለያየት ሸፍኖት ይሆናል።

በኋላ መዝገቡ ስለ ክትባትም መልስ ሰጠ። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 18 የሆኑ 102 የኤምአይኤስ-ሲ ሕሙማን ይህ ሕመም ከሌለባቸው 181 ተኝተው ታካሚዎች ጋር ተነጻጸሩ። ሁለት ዶዝ ፋይዘር ሕመሙን 91 በመቶ ይከላከል ነበር። ከሕሙማኑ መሐል ሕይወት አድን ድጋፍ ያስፈለጋቸው 38 ልጆች ሁሉም ያልተከተቡ ነበሩ።