የጡረተኛ የሕክምና ጥቅማጥቅም ምንድን ነው? ታክስስ አለው?

«ለሕክምና የተባለ ገንዘብ ታክስ የለውም።» አሜሪካ ውስጥ የታክስ ወቅት በመጣ ቁጥር ይህን እሰማለሁ። ሰሞኑንም አንድ ሰው ለጡረተኞቻችን በሙሉ ልብ ሲመክርበት ሰማሁ። አምነውት ገቢያቸውን ሳያስመዘግቡ የሚቀሩ እናቶችና አባቶች ስላሉ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የጡረተኛ የሕክምና ጥቅማጥቅም ማለት የቀድሞ አሠሪ ለጡረተኛው የጤና ኢንሹራንስ ወይም ሕክምና የሚሰጠው ክፍያ ነው። መካሪው የገንዘቡን ስም አይቶ ፈረደ። ሕጉ የሚጠይቀው ግን ገንዘቡን ለሌላ ነገር ማዋል ትችሉ እንደነበር ነው። የቀድሞ አሠሪያችሁ የጤና ኢንሹራንሱን በቀጥታ ከከፈለ፣ ወይም ለሜዲኬር ፓርት ቢ (በመንግሥት የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ ውስጥ የሐኪም ወጪን ለሚሸፍነው ክፍል) የከፈላችሁትን ማስረጃ አይቶ ከመለሰላችሁ፣ ገቢ አይደለም። በየወሩ ከጡረታው ጋር «ለጤና» ተብሎ የሚጨመር፣ ደረሰኝ የማይጠየቅበት ገንዘብ ግን ገቢ ነው፤ ሁሉንም ለመድኃኒት ብታውሉትም።

ድግስ ተጠርታችሁ የበላችሁትን ማንም ደመወዝ አይለውም። ደጋሹ በምግቡ ፈንታ ብር ካስያዛችሁ ግን ምሳ ብትገዙበትም ያው ብር ነው። «ያልበላ ብሩን ይውሰድ» ካለስ? ሕጉ የሚከረው እዚህ ላይ ነው። አሠሪው ለሕክምና ወጪ በሚከፍተው ኤችአርኤ በሚባለው ሒሳብ ውስጥ የተረፈውን በጥሬ ገንዘብ መውሰድ ከተፈቀደ፣ በዚያ ዓመት ከሒሳቡ የወጣው በሙሉ፣ ለሐኪም የተከፈለው ሳይቀር፣ ለሁሉም ተጠቃሚ ገቢ ይሆናል። ብሩን ያልነካው፣ ማዕዱን ብቻ የቀመሰውም አብሮ ይቆጠርበታል። የፌዴራል ታክስ ሰብሳቢው አይአርኤስ ይህን በ2002 በመመሪያ አስፍሮታል።

በድግሱ የበላ ሰው ደግሞ የምግቡን ዋጋ «ከኪሴ ወጣ» ሊል አይችልም። ወጪዎች ተዘርዝረው በሚቀነሱበት የታክስ ቅጽ፣ በስኬጁል ኤ ላይ የሕክምና ወጪ ብላችሁ የምትቀንሱት ማንም ያልተካላችሁን ብቻ ነው፤ እሱም ከተስተካከለው (ሕጉ የሚፈቅዳቸው የተወሰኑ ቅናሾች ከተነሱለት) ጠቅላላ ገቢያችሁ 7.5 በመቶ በላይ የሆነው ነው። አምና ቀንሳችሁ ዘንድሮ ከተተካላችሁ፣ ቅነሳው የጠቀማችሁን ያህል የዘንድሮ ገቢ ሆኖ ይመዘገባል።

ሌላም የሚያንገበግበኝ አለ። «ከጡረታዬ ላይ ስለተቆረጠ ታክሱም አብሮ ቀርቷል» ይባላል። አልቀረም። ፓርት ቢ ከሶሻል ሴኩሪቲ (ከመንግሥት የጡረታ ክፍያ) ላይ ቢቆረጥም፣ ዓመቱ ሲያልቅ የሚላክላችሁ ቅጽ ላይ የሚሰፍረው ሳይቆረጥ በፊት ያለው መጠን ነው። የፌዴራል መንግሥት ጡረተኞችም የጡረታ ክፍያ በሚገለጽበት ቅጽ፣ በ1099-አር ሳጥን 5 ላይ የኢንሹራንስ ክፍያ ተጽፎ ስላዩ ብቻ ከገቢያቸው ላይ አይቀንሱት። ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የወጡ ፖሊሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ግን ለጤና ኢንሹራንስ የዋለ እስከ 3,000 ዶላር ከጡረታ ገቢያቸው ማስወጣት ይችላሉ። ከ2023 ጀምሮ ኢንሹራንሱን ራሳቸው ቢከፍሉም ይፈቀድላቸዋል።

ታክስ ከማስሠራታችሁ በፊት የቀድሞ አሠሪያችሁን የጥቅማጥቅም ክፍል በጽሑፍ ጠይቁ፦ ክፍያው የሚሰጠው ማስረጃ ታይቶ ነው? ያልተጠቀምኩበትን በጥሬ ገንዘብ መውሰድስ ይቻላል? መልሱን ታክስ ለሚሠራላችሁ ሰው ከ1099-አሩ ጋር አያይዛችሁ ስጡት።